ያልተነካው ጣሳ ውሃ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰው ለማስደንገጥ የተቀመመ ወሬ አይደለም።

ጅን፣ ቡዳ፣ መቃብር ላይ ሲንቦገቦግ የታየ መብራት... እንዲህ ያለውን የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ተመለሱ። እኔ ራሴ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲጀመር ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ።

በዚህኛው አልሳቅኩም።

ቦታው ቆቦ ነው፤ ከገበያው ጀርባ ያለ ግቢ። ሰዓቱም ሌሊት አይደለም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት... የራያ ፀሐይ ሰውንም ውሻንም ከጥላ ወደ ጥላ የምታሳድድበት ሰዓት ነው።

የነገረችኝ የአክስቴ ልጅ ጀዊሪያ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀልድ አታውቅም። ስትነግረኝ መርፌዋን ከእጇ አላስቀመጠችም፣ ቀና ብላም አላየችኝም። እኔም ከሷ እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

የጀዊሪያ ባል መህዲ ይባላል። የመስኖ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ከቆቦ እስከ ሮቢት የሱ እጅ ያልነካው የውሃ ሞተር የለም ይባልለት ነበር። ሽንኩርት አምራቹ ሁሉ የሚያውቀው፣ በሳቁ ከሩቅ የሚለይ ሰው ነው።

ታመመ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው መንገድ ላይ ሆነ። በሳምንት ሁለት ቀን ደሴ ለኩላሊት እጥበት ይሄዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ ጥቂት ቀን አርፎ ደግሞ ይሄዳል። መንገድ የተዘጋ ቀን ሳይታጠብ ይውላል። ያን ጊዜ እግሩ ያብጣል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ውሃው ነው።

ሰውነቱ ውሃ አያስወጣም፤ ስለዚህ እንደ ልቡ መጠጣት የለበትም። የተፈቀደለት በቀን አንዲት ትንሽ ጣሳ ናት። በራያ ቆላ፣ በዚያ ሙቀት፣ ውሃ የተከለከለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጀዊሪያ ጣሳዋን ይዛ ከቤት ብቅ ስትል ገና ከሩቅ ሁለት እጁን ይዘረጋል። ከተቀበላት በኋላ ደግሞ አይጠጣትም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያያታል። ቶሎ እንዳታልቅበት ነው።

መህዲ ታናሽ ወንድም አለው፤ ይመር ይባላል። ገበሬ ነው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ከእናታቸው ከእማ ዓሊማ ጋር ይኖራል። ሐኪሞቹ "ከቤተሰብ ኩላሊት የሚሰጠው ከተገኘ ይድናል" ያሉ ቀን ይመር ማንም ሳይጠይቀው እጁን አነሳ።

"አላህ ሁለት የሰጠኝ ለምን ይመስላችኋል?" አለ። "አንደኛው የመህዲ ነው። እስከ ዛሬ አስቀመጥኩለት እንጂ!"

እማ ዓሊማ እያለቀሱ ሳቁ።

ይመር የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ሰው ነው። ለወንድሙ ያለውን ፍቅር ደግሞ በአንድ ነገር ታውቁታላችሁ። ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ሁለት በርጩማ። ወንድማማቾቹ ቀትር ላይ እዚያ ይቀመጣሉ። ለይመር ውሃ ሲመጣለት ጣሳውን በእጁ ጀርባ ገፋ ያደርገዋል።

"በወንድሜ ፊት ውሃ አልጠጣም።"

ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሳና ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ይሄዳል። እዚያ ያለውን ጄሪካን አፉ ላይ ይደፋል። ተደብቆ የሚጠጣ መስሎት ነው። ግቢው ሁሉ ግን ይሰማዋል።

ጉልቅ... ጉልቅ... ጉልቅ...

መህዲ ያን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። "ጠጣልኝ" ይላል። "እሱ ሲጠጣ እኔም ትንሽ ይበርድልኛል።"

ይህን ድምፅ ልብ በሉት።

አዲስ አበባ ሄደው ተመረመሩ። የይመር ደም ከወንድሙ ጋር ተስማማ። ይሁንና በመስማማት ብቻ ኩላሊት አይወሰድም። ለጋሾችን የምታጣራ ሲስተር ትዕግሥት የምትባል ነርስ ነበረች፤ ፊቷ የሚስቅ፣ ጥያቄዋ ግን ሰው የሚያሸማቅቅ። ቀን ሙሉ ጠየቀችው። የጉበት በሽታ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቲቢ፣ ወባ... ከማን ጋር ተኝተህ ታውቃለህ? መርፌ የወጋህ ማነው? ምን ትበላለህ? ምን ትጠጣለህ?

ይመር አንድም አልደበቀም። ከአፋር ነጋዴዎች ጋር ገበያ ሲውል ያልፈላ የግመል ወተት እንደሚጠጣ ሳይቀር ተናገረ። በዚያው ምክንያት ሌላ ደም ተቀዳ፣ ሌላ ቀን ጠበቁ። ጀዊሪያ ተናደደች። "ምን አስለፈለፈህ?" አለችው።

ሲስተር ትዕግሥት ሰምታት ኖሮ ዞር አለች።

"እሰይ ተናገረ በይ እንጂ እህቴ። እሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ከኩላሊቱ ጋር ወደ ባልሽ ይሻገራል። ለባልሽ ደግሞ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይጥለው በሽታ የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ነው የምንሰጠው። ይመርን ያላስነጠሰው ነገር መህዲን ይገድለዋል።"

ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"በደም ምርመራ የማይታይም አለ። እሱን የማገኘው ከአፉ ብቻ ነው።"

ጀዊሪያ ይህን ነገር ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ውጤቱ መጣ፤ ይመር ንጹህ ነው። "ተራችሁ ሲደርስ እንጠራችኋለን፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት እንደገና ይጣራል" ተብለው ወደ ቆቦ ተመለሱ። ይመርም የማሽላ ጥበቃ ወቅት ነበርና ውሻውን መቻልን አስከትሎ ወደ እርሻው ወረደ።

መቻል ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ውሻ ነው። የሱን ትራፊ በልቶ፣ የሱን ጥላ ተከትሎ ያደገ።

ጊዜ አለፈ... ማሽላው ተነሳ። ስልኩም ተደወለ። ተራቸው ደርሷል፣ ይምጡ።

እማ ዓሊማ እልል አሉ። መህዲ አለቀሰ። ይመር ግን መሬት መሬት ያይ ጀመር።

"ትንሽ ቀን ይታገሱን" አለ በመጨረሻ። "ማሽላው አላለቀልኝም።"

ጀዊሪያ በማግስቱ የሰፋችውን ልብስ ለማድረስ ስትሄድ በእርሻው በኩል አለፈች። ማሽላው አልቋል። ቆረኑ፣ ከአጨዳ የተረፈው ጉቶ፣ ብቻ ነው የቆመው። አገዳው እንኳ ታስሮ ተወስዷል።

ለምን ዋሸ?

እንግዲህ ጥርጣሬ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ናት።

ከዚያ ጎብዬ ያሉት አጎታቸው ሞቱ። በኛ አገር ዘመድ ሞቶ ቀብር የሚቀር ወንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ይመር ከሰው ጋር ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። እማ ዓሊማ ከቀብር ሲመለሱ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

"ልጄ ምን ነክቶታል?" አሉ ለጀዊሪያ ብቻ። "ሮቢት እስክንደርስ አብሮን ነበር። ጎሊና ድልድይ ላይ ልንወጣ ስንል 'አውርዱኝ' አለ። ሰው እያየው ወረደ። በእግሩ ተመለሰ።"

"ምን ሆንኩ አለ?"

"ምንም አላለም። ወንዙን ብቻ ያያል።"

ጎሊናን ያልተሻገረ አላ ውሃን አይሻገርም። አላ ውሃን ያልተሻገረ ደግሞ አዲስ አበባ አይደርስም። ጀዊሪያ ሌሊቱን ይህን ስታሰላ አደረች። ፈርቷል፤ ኩላሊቱን ሊከለክለን ነው... ብላ ደመደመች።

ከዚህ በኋላ ዓይኗ ከይመር ላይ አልነቀል አለ።

ይመር ቀትር ላይ ሁሌ ሽርጥ ነበር የሚያገለድመው። አሁን በዚያ ሙቀት ሱሪ ለብሶ ይውላል። ተቀምጦ ሲያወራ በአንደኛው ተረከዙ የሌላኛውን እግር ባት ያካል። ያካል... ያካል... አያቆምም።

መቻልም የለም።

"ውሻህስ?" አለችው።

"ጅብ በላው።"

ሄዳ አየች። ሰንሰለቱ ከነመቆለፊያው ተጠቅልሎ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ውሻው የሚበላበት ሳህን በአፉ ተደፍቷል፤ ከላዩ ትልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል። ጅብ ውሻ ሲበላ ሰንሰለት ጠቅልሎ ይሰቅላል እንዴ?

ለባሏ አንሾካሾከችለት። መህዲ ተቆጣ።

"ወንድሜን አትጠርጥሪ! አንድ ቀን እንኳ በፊቴ ውሃ ያልጠጣ ሰው ነው።"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው መህዲ።"

"ዝም በይ አልኩ!"

ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

አንድ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሲስተር ትዕግሥት ናት። ሁሉም ቤት ውስጥ ነበሩ። መህዲ ሳንባው ውሃ ይዞ ከትራስ ላይ ተደግፏል፤ ባለፈው ሳምንት መንገድ ተዘግቶ አንድ እጥበት አምልጦታል። ከፊቱ ትንሿ ቬንትሌተር ትዞራለች። ጀዊሪያ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

"ይመር፣ የምጠይቅህን መልስልኝ። ከተለያየን ወዲህ ትኩሳት ነበረህ?"

"የለም።"

"መርፌ ተወግተሃል? ተነቅሰሃል? ደም ተሰጥቶህ ያውቃል?"

"የለም።"

"የባህል መድኃኒት ወስደሃል?"

ይመር ወደ በሩ አየ።

"...የለም።"

"እንስሳ ነክሶህ ያውቃል? ውሻ፣ ቀበሮ፣ ድመት?"

ይመር ባቱን በተረከዙ አከከ።

ቬንትሌተሯ ዞራ ወደሱ በኩል ደረሰች። ነፋሷ ፊቱን ሲነካው የይመር አንገት ተሸማቀቀ። ጀዊሪያ አየች። የጉሮሮው ጅማት እንደ ገመድ ተወጠረ።

"ይሄን ነገር አጥፉልኝ" አለ። ድምፁ ሻክሯል።

በዚያ ሙቀት! ቤቱ እንደ ምድጃ በሚግልበት ሰዓት!

"ይመር?" አለች ሲስተር ከስልኩ ውስጥ።

"የለም። ምንም አልነከሰኝም።"

ተነሥቶ ወጣ።

ጀዊሪያ ተከተለችው። ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ሲዞር አየችው፤ የሚጠጣ መስሏት ቆመች። ጆሮዋን ጣለች።

ድምፅ የለም።

ያን ጊዜ ነው የገባት። ያን ድምፅ ከሰማች ስንት ጊዜ ሆነ? ትናንት አልሰማችም። ከትናንት ወዲያም አልሰማችም። ዞራ ሄደች። ጄሪካኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ክዳኑ ላይ አቧራ ተኝቷል።

ይመር ጀርባውን ለጄሪካኑ ሰጥቶ፣ ግድግዳው ላይ ግንባሩን ደግፎ ቆሟል።

"ይመር... ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ ያልጠጣኸው?"

"ጠጥቻለሁ።"

"የት?"

ግንባሩን ከግድግዳው አላነሳም።

"በአላህ ይሁንብህ፣ እግርህን አሳየኝ።"

ዞሮ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። ሱሪውን ቀስ አድርጎ ሰበሰበው። ባቱ ላይ የዳነ ቁስል አለ፤ ጥርስ በጥርስ፣ ግማሽ ጨረቃ ሠርቶ የተሰፋ የመሰለ። ዙሪያው በማከክ ተልጧል።

"መቻል ነው?" አለች በሹክሹክታ።

አልተናገረም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

"አብዶ ነበር?"

ነቀነቀ።

"አንተው ገደልከው?"

እንባው ወረደ። ነቀነቀ።

"ሐኪም ቤት ሄድክ?"

ራሱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። ጣቱን ወደ ምሥራቅ ቀሰረ፤ ወደ ዞብል ተራራ። እዚያ አንድ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ አሉ፤ የውሻ በሽታ ያድናሉ ይባላል። ጀዊሪያም ታውቃለች። ሕጋቸውንም አገር ያውቀዋል። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው ቀኑ እስኪሞላ ወንዝ አይሻገርም። የነከሰውን ነገርም ከአፉ አያወጣም። ከተሻገረ ወይም ከተናገረ መድኃኒቱ ይፈርሳል፣ የታሰረው በሽታ ይፈታል።

ስለዚህ ነው ጎሊና ላይ የወረደው። ስለዚህ ነው "የለም" ያለው። የግመል ወተት ሳይቀር ያልደበቀ ሰው ይህን የደበቀው ለወንድሙ ንጹህ ሆኖ ለመድረስ ነው።

"እኔ አልተናገርኩም" አለ ይመር፣ እየተንሾካሾከ። "አንቺ ነሽ ያልሽው። እኔ ቃል አላወጣሁም... አይደል?"

"አላወጣህም።"

"ጥቂት ቀን ናት የቀረችኝ። ከዚያ እሻገራለሁ። ጀዊ... ለማንም እንዳትናገሪ። ከተናገርሽ እኔም አለቅኩ፣ እሱም አለቀ።"

ክንዷን ያዛት። እጁ እሳት ነው።

ጀዊሪያ ስፌት መኪናዋ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እሷም አልደበቀችኝም። ዝም ለማለት አሰበች። አጥብቃ አሰበች። ከተናገረች ያ ኩላሊት የለም፣ ሌላ የሚሰጥ ዘመድም የለም። ዝም ካለች ባሏ ይድናል። መድኃኒቱ ደግሞ ምናልባት ይሠራ ይሆናል። አያቱም፣ ጎረቤቱም በሱ ዳነ ይባል የለ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብላ ልታልፈው ነበር።

መጋረጃውን አልፋ መህዲን አየችው። ተኝቷል። አፉ ደርቆ፣ በእንቅልፉ ውስጥ እንኳ ከንፈሩ ውሃ ይጠባል።

ሲስተር ያለችው መጣባት። እሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ባልሽ ይሻገራል...

ስልኩን አነሳች። ወደ ግቢው ጥግ ሄዳ ደወለች።

"ሲስተር፣ ጀዊሪያ ነኝ። ውሻ ነክሶታል። ያበደ ውሻ።"

 ሲስተር መቼ እንደሆነ አልጠየቀችም። የት እንደሆነም አልጠየቀችም።

"ውሃ ይጠጣል?" አለች ሲስተር።

ጀዊሪያ ወደ ኒሙ ዞር ብላ አየች።

"እሱ... በወንድሙ ፊት አይጠጣም። ስለሚያዝንለት ነው፤ ድሮም እንዲህ ነው።"

"ስለ ወንድሙ አይደለም የጠየቅኩሽ። ብቻውን ሲሆንስ?"

ስልኩን ሳትዘጋ ጣሳ ቀዳች።

ይመር ኒሙ ሥር ከበርጩማው ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ምራቁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ይጠርጋል፤ ምራቁ አያልቅም። ጣሳውን ሲያይ ገና ከሩቁ በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገ።

"በወንድሜ ፊት..."

"ወንድምህ ተኝቷል፣ ይመር። እዚህ ያለነው እኔና አንተ ብቻ ነን። ጠጣ።"

ዙሪያውን አየ። እውነትም መህዲ የለም። ሌላኛው በርጩማ ባዶ ነው።

ፈገግ ለማለት ሞከረ። እጁን ዘረጋ። ጠምቶታል፤ እንደሱ የተጠማ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነው የነገረችኝ። ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ልክ መህዲ እንደሚይዘው። ወደ አፉ አቀረበው...

ጉሮሮው ታነቀ። ውሃው ከንፈሩን አልነካም፤ ገና ሳይነካው ነው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተወነጨፈ፣ ደረቱ ተሰቀለ፣ ከአንገቱ የሰው የማይመስል ድምፅ ወጣ። ቢሆንም ጣሳውን አልጣለውም። በዚያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ውስጥ፣ ውሃ ወንድሙ የሚናፍቃት ነገር ናትና፣ ጠብታ ሳያፈስ መለሰላት።

"ውሰጂልኝ" አለ። "በአላህ... ውሰጂልኝ።"

ወሰደችለት።

ትንፋሹ ሲመለስ ቀና ብሎ አያት። ከእጇ ላይ ያለውን ስልክ አየ። ስክሪኑ በርቷል።

"ነገርሻት?" አለ በሹክሹክታ።

ልትዋሸው አልቻለችም።

"አዎ።"

ይመር ሌላ ቃል አልተናገራትም። እስኪሞት ድረስ አልተናገራትም።

ጎሊናን የተሻገረው በአምቡላንስ ነው። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ እግሩን ታስሮ ስሙን እየጠራ ነበር አሉ። የራሱን ስም አይደለም፤ የወንድሙን። ወልድያ ላይ ሐኪሞቹ ምንም ማድረግ አልቻሉም። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚደረግለት ነገር የለም። እንደተነከሰ ያኔውኑ ቁስሉን በሳሙና አጥቦ፣ ክትባቱን ቢወስድ ይድን ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ክትባት ተሰጠው። መህዲም ተከተበ፤ አንዱንም ሳያስቀር ጨረሰ።

እማ ዓሊማ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጣታቸውን ጀዊሪያ ላይ ቀሰሩ።

"ልጄን በሽታው አልገደለውም። አንቺ ተናግረሽ መድኃኒቱን አፈረስሽበት! አንዱን ቀበርሽ፣ ለአንዱም መዳኛውን ነሳሽው!"

ማንም አልመለሰላቸውም። መህዲም አልመለሰላቸውም። ጀዊሪያን ያንገበገባት ይሄ ነው፤ ባሏ ዝም ማለቱ።

ሲስተር ትዕግሥት ደውላ ነበር። "ዝም ብትዪ ኖሮ ሁለት ነበር የምትቀብሪው" አለቻት። ጀዊሪያ ይህን ቃል ሌሊቱ ሲከብዳት ለራሷ ትደግመዋለች። አንዳንድ ቀን ታምነዋለች።

ኑሮው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ደሴ፣ እጥበት፣ ቆቦ። አንዲት ጣሳ ውሃ። ሁለቱ በርጩማዎች ከኒሙ ሥር አልተነሡም፤ እማ ዓሊማ "አይነኩም" አሉ። ቅጠሉ ግቢውን ሁሉ ይሸፍነዋል። የይመር በርጩማ ላይ ግን ቅጠል አርፎ አታይም። እማ ዓሊማ ይጠርጉታል ብላ ታስባለች። አልጠየቀቻቸውም።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ።

አንድ ቀን ነው፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። እማ ዓሊማ ገበያ ሄደዋል። ጀዊሪያ የመህዲን ጣሳ ቀድታ ከቤት ብቅ አለች። እንደ ልማዱ እጁን ይዘረጋል ብላ ጠበቀች።

አልዘረጋም።

ቀረበች። አጠገቡ ስትደርስ ጣሳውን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው።

"በወንድሜ ፊት ውሃ አልጠጣም" አለ።

ቁጣ የለበትም፣ ለቅሶም የለበትም። እንደ ተራ ነገር ነው ያለው። ዓይኑ ያለው ከፊቱ ባለው ባዶ በርጩማ ላይ ነው።

"መህዲ..." አለች። 

ሐዘን ነው አለች በልቧ። ሐዘን ነው፤ ያልፋል። የሲስተር ጥያቄ ግን ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ብቻውን ሲሆንስ? ብቻውን ሲሆን ይጠጣ እንደሆነ ማወቅ አለባት።

ጣሳውን ከእግሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ አስቀመጠችለት። ዞራ ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ጆሮዋን ጣለች።

ነፋስ የለም። የኒሙ ቅጠል አይነቃነቅም።

መህዲ ሲያንሾካሹክ ሰማች።

"ጠጣ... አይዞህ... እኔ ዞር ብያለሁ።"

ከዚያ...

ጉልቅ... ጉልቅ... ጉልቅ...

ቆማ እስኪያልቅ ሰማችው። ከዚያ እግሯን እየጎተተች ወጣች።

መህዲ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል። ከንፈሩ እንደ ደረቀ ነው።

ጣሳው ከእግሩ አጠገብ የለም። በይመር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ባዶ ነው።